የወሊድ መከላከያ አቅርቦትና የስሌት ሳይንስ፦ ባዶ መደርደሪያ የሚደብቀው ቁጥር

መግቢያ

ስለ ቤተሰብ ዕቅድ አገልግሎት ሲወሳ ዘወትር የሚነሱት የምክር አገልግሎቱ ጥራት፣ የባለሙያው ሥልጠና፣ የባህልና የእምነት ተጽዕኖ እንዲሁም የባልና የሚስት ውይይት ናቸው። ሁሉም ተገቢ ጉዳዮች ናቸው። ነገር ግን ምክሩ ተሰጥቶና ምርጫው ተደርጎ ካበቃ በኋላ መድኃኒቱ በመደርደሪያው ላይ ካልተገኘ የተደከመበት ሁሉ ከንቱ ይቀራል። መድኃኒቱ እንዲገኝ ወይም እንዳይገኝ ከሚያደርጉት ምክንያቶች መካከል የመርከብ ጉዞና የውጭ ምንዛሪ ከጤና ባለሙያው ሥልጣን ውጭ ናቸው። ከእነዚህ ባልተናነሰ ወሳኝ የሆነ አንድ ነገር ግን በባለሙያው እጅ ይገኛል፤ እርሱም በየሁለት ወሩ በሪፖርትና መጠየቂያ ቅጽ ላይ የሚሰፍረው ቁጥር ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ ቁጥር ከጤና ጣቢያ ተነሥቶ እስከ ዓለም አቀፍ ገበያ ድረስ የሚሄድበትን መንገድ ማሳየት፣ የምሕንድስናና የኮምፒውተር ሳይንስ በዚህ ረገድ ያበረከቱትን ማስረዳት፣ በመጨረሻም መደርደሪያው ባዶ በነበረባቸው ቀናት ምክንያት የሚፈጠረው የስሌት ስሕተት እንዴት ሊታረም እንደሚችል መግለጽ ነው። ለማስረጃነት የተመረጠው አካባቢ በአዲስ አበባ ምዕራባዊ ክፍል የሚገኘው ኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ ነው።

የአገልግሎቱ ዕድገት በአጭሩ

በአገራችን ዘመናዊ የቤተሰብ ዕቅድ አገልግሎት በተደራጀ መልክ የተጀመረው በ1958 ዓ.ም. በተቋቋመው የኢትዮጵያ ቤተሰብ መምሪያ ማኅበር አማካይነት ነው። በ1985 ዓ.ም. የወጣው ብሔራዊ የሥነ ሕዝብ ፖሊሲ የወሊድ መከላከያ ተጠቃሚዎችን ቁጥር ከ4 በመቶ ወደ 44 በመቶ እ.ኤ.አ. እስከ 2015 ለማሳደግ ግብ አስቀመጠ። እ.ኤ.አ. በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም አገልግሎቱን ወደ ገጠር ቀበሌዎች አወረደው። እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮም የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች በክንድ ቆዳ ሥር የሚቀበረውን ኢምፕላኖንን እንዲሰጡ ሠለጠኑ።

ውጤቱ በኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቶች ውስጥ በግልጽ ይታያል። ባለትዳር ከሆኑ ሴቶች መካከል ዘመናዊ የወሊድ መከላከያ የሚጠቀሙት እ.ኤ.አ. በ2000 6 በመቶ ብቻ ነበሩ። ይህ አኀዝ በ2005 14፣ በ2011 27፣ በ2016 35፣ በ2019 ደግሞ 41 በመቶ ደረሰ። በ2016ቱ ጥናት በመርፌ የሚሰጠውን መከላከያ የሚጠቀሙት 23 በመቶ ሲሆኑ፣ በክንድ የሚቀበረውን የሚጠቀሙት 8 በመቶ ነበሩ። በዚያው ጥናት 22 በመቶ የሚሆኑት ባለትዳር ሴቶች መውለድን ማራቅ ወይም ማቆም እየፈለጉ ምንም ዓይነት መከላከያ የማይጠቀሙ ሆነው ተገኝተዋል።

ከእነዚህ አኀዞች ሁለት ነገሮችን እንገነዘባለን። የመጀመሪያው፣ አብዛኛዋ ተገልጋይ የምትጠቀመው በየሦስት ወሩ መታደስ ያለበትን መርፌ በመሆኑ በዓመት አራት ጊዜ ወደ ጤና ተቋም መምጣት ይኖርባታል፤ ከአራቱ በአንዱ እንኳ መድኃኒቱን ካጣች የመከላከያው ሰንሰለት ሊበጠስ ይችላል። ሁለተኛው፣ ፍላጎቱ በየዓመቱ እያደገ በመምጣቱ ባለፈው ዓመት የተሰጠውን መጠን ብቻ መሠረት አድርጎ የሚታዘዝ አቅርቦት ሁልጊዜ ከፍላጎቱ ወደ ኋላ ይቀራል።

ከባሕር ማዶ እስከ ቀራንዮ

በጤና ጣቢያ የሚሰጡት የወሊድ መከላከያዎች በአብዛኛው ከውጭ የሚገቡ ናቸው። ለምሳሌ ያህል፣ ዴፖ-ፕሮቬራና ሳያና ፕሬስ የተባሉትን መርፌዎች የፋይዘር ኩባንያ በቤልጂየም ያመርታል። ለ5 ዓመት የሚያገለግለው ባለ ሁለት ዘንግ ጃዴል የባየር ኩባንያ ምርት ሲሆን የሚመረተው በፊንላንድ ነው፤ ለ3 ዓመት የሚያገለግለው ኢምፕላኖን ደግሞ በኔዘርላንድ ይመረታል። ዕቃው ከፋብሪካ ከወጣ በኋላ ባሕር አቋርጦ በጅቡቲ ወደብ በኩል ወደ አገር ይገባል፤ ከዚያም በመድኃኒት አቅራቢው ተቋም መጋዘኖችና ቅርንጫፎች አልፎ ለጤና ተቋማት ይደርሳል። ይህን ሥራ እንዲያከናውን በአዋጅ ቁጥር 553/1999 የተቋቋመው የመድኃኒት ፈንድና አቅርቦት ኤጀንሲ ሲሆን፣ ተቋሙ ዛሬ የኢትዮጵያ መድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት በሚል ስም ይታወቃል።

በዚህ ረጅም መንገድ ላይ የሚፈጠር ማናቸውም መሰናክል በመጨረሻ የሚያርፈው በጤና ጣቢያው መደርደሪያ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 የኮቪድ-19 ወረርሽኝ የፋብሪካዎችንና የመርከቦችን ሥራ አስተጓጎለ። ከኅዳር 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በቀይ ባሕር በመርከቦች ላይ በደረሰው ጥቃት ምክንያት ብዙ መርከቦች አፍሪካን በደቡብ በኩል ዞረው ለመሄድ ተገደዱ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ እስከዚያ ድረስ 57 ብር ገደማ የነበረው የአንድ የአሜሪካ ዶላር ዋጋ በወራት ጊዜ ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2025 ደግሞ የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ዕርዳታውን በጥር ወር አገደ፤ ለብዙ ዓመታት የወሊድ መከላከያ ሲያቀርብ የቆየው ዩኤስኤአይዲም በሐምሌ ወር መጀመሪያ ሥራውን አቆመ። በዚያው ዓመት 9.7 ሚሊዮን ዶላር ያህል የሚገመት ለድሃ አገሮች የተገዛ የወሊድ መከላከያ በቤልጂየም መጋዘን ውስጥ ታግዶ መቅረቱ በዓለም ዙሪያ መነጋገሪያ ሆኖ ነበር።

በሌላ በኩል የዓለም አቀፉ ንግድ ጠቃሚ ትምህርትም ይሰጠናል። እ.ኤ.አ. በ2012 በሎንዶን ከተካሄደው የቤተሰብ ዕቅድ ጉባኤ በኋላ መንግሥታትና ለጋሽ ድርጅቶች ከአምራቾቹ ጋር የመጠን ዋስትና ስምምነት አደረጉ። ይኸውም «በሚቀጥሉት ዓመታት ይህን ያህል መጠን እንደሚገዛ ዋስትና እንሰጣለን፤ እናንተም በምላሹ ዋጋ ቀንሱ» የሚል ነበር። በዚህም መሠረት እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ የአንድ ጃዴል ዋጋ ከ18 የአሜሪካ ዶላር ወደ 8.50 ዶላር ዝቅ አለ፤ የኢምፕላኖን ዋጋም እንዲሁ በግማሽ ያህል ቀነሰ። ስምምነቱ እንዲደረስ ያስቻለው ለዋስትና የሚበቃ የፍላጎት ትንበያ መኖሩ ነው። የትንበያው አስተማማኝነት ደግሞ በየጤና ጣቢያው በሚሞሉት ቁጥሮች ላይ ያርፋል። ስለዚህ በቀራንዮ የሚገኝ አንድ ጤና ጣቢያ የሚሞላው ቅጽ መጠኑ አነስተኛ ይሁን እንጂ በዓለም ገበያ ላይ የሚደረግ ድርድር አንድ አካል ነው።

የክምችት ስሌት ከየት መጣ?

ምን ያህል ማዘዝና መቼ ማዘዝ እንደሚገባ የሚመረምረው የስሌት ዘርፍ የተነሣው በፋብሪካዎች ውስጥ ነው። አሜሪካዊው መሐንዲስ ፎርድ ሃሪስ እ.ኤ.አ. በ1913 ባሳተመው አጭር ጽሑፍ ሁለት ተቃራኒ ወጪዎችን በአንድ ቀመር አገናኘ። በየጊዜው ጥቂት ጥቂት ማዘዝ የትእዛዝና የማጓጓዣ ወጪን ያበዛል፤ በአንድ ጊዜ ብዙ ማዘዝ ደግሞ ገንዘብን ያስራል፣ መጋዘን ያጣብባል፣ ለብልሽትም ያጋልጣል። በሁለቱ መካከል ጠቅላላ ወጪው ዝቅተኛ የሚሆንበት መጠን አለ። ይህን መጠን በስሌት የመፈለግ ጥበብ መሐንዲሶች ኦፕቲማይዜሽን ብለው የሚጠሩት ሰፊ የሙያ ዘርፍ አካል ነው።

የሃሪስ ቀመር ግን ፍላጎቱ አስቀድሞ የታወቀና የማይለዋወጥ ነው ብሎ ይነሣል። በጤና አገልግሎት ውስጥ ፍላጎቱ በእርግጠኝነት አይታወቅም። ለዚህ ዓይነቱ ሁኔታ የሚያገለግለው ስሌት ጋዜጣ አዟሪ በየማለዳው ከሚገጥመው ጥያቄ ጋር ይመሳሰላል። አዟሪው ብዙ ከወሰደ የተረፈው ጋዜጣ ማታ ዋጋ የለውም፤ ጥቂት ከወሰደ ደግሞ ሊሸጥ ይችል የነበረው ያመልጠዋል። ተገቢው መጠን የሚወሰነው የማነስ ጉዳት ከመትረፍ ጉዳት ጋር ተነጻጽሮ ነው። የማነስ ጉዳት ለማነስና ለመትረፍ ጉዳት ድምር ሲካፈል የሚገኘው ውጤት፣ ክምችቱ ከመቶ አጋጣሚዎች ውስጥ ስንቱን መሸፈን እንዳለበት ይነግረናል። የማነስ ጉዳት የመትረፍን ጉዳት 9 እጥፍ ነው ብለን ብንገምት፣ 9 ለ10 ሲካፈል 0.9 ስለሚሆን ክምችቱ ከ100 አጋጣሚዎች 90ውን የሚሸፍን መሆን አለበት።

እዚህ ላይ ስሌቱ ራሱ ሊመልሰው የማይችለው ጥያቄ ይነሣል። አንድ መርፌ ጊዜው አልፎበት መወገዱ የሚያደርሰው ጉዳት የመርፌው ዋጋ ነው። አንዲት እናት መርፌ አጥታ ያልታቀደ እርግዝና ቢደርስባት የሚከተለውን ጉዳት፣ ማለትም ደኅንነቱ ያልተጠበቀ ጽንስ ማቋረጥን፣ የወሊድ ችግርን፣ የትምህርትና የኑሮ መስተጓጎልን፣ በምን ያህል ብር እንተምነዋለን? ለመሐንዲሱ ይህን ሚዛን ሊነግረው የሚችለው የጤና ባለሙያው ነው። ሁለቱን ጉዳቶች እኩል አድርጎ የሚመለከት የክምችት አስተዳደር፣ በስሌት ቋንቋ ሲገለጽ፣ በግማሹ አጋጣሚ መደርደሪያው ባዶ ቢሆን ግድ የለኝም እንደማለት ይቆጠራል።

በጤና ጣቢያ ደረጃ ያለው ቀመር

እ.ኤ.አ. በ2009 ሥራ ላይ መዋል የጀመረው የተቀናጀ የመድኃኒት ሎጂስቲክስ ሥርዓት ከዚህ ሁሉ ስሌት ለጤና ተቋማት የሚመች ቀላል ሕግ አውጥቷል። በሥርዓቱ አቀራረጽ መሠረት ለጤና ጣቢያና ለሆስፒታል ከፍተኛው የክምችት ወሰን የ4 ወር፣ ዝቅተኛው የ2 ወር፣ አስቸኳይ ጥያቄ የሚቀርብበት ነጥብ ደግሞ የ2 ሳምንት ፍጆታ ነው። ለጤና ኬላ ከፍተኛው የ2 ወር፣ ዝቅተኛው የ1 ወር ነው። በአዲስ አበባ ግን የከተማ ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ከጤና ጣቢያዎች ጋር ተያይዘው የሚሠሩ በመሆናቸው የክምችቱ ዋና ማዕከል ጤና ጣቢያው ነው።

ጤና ጣቢያው በየሁለት ወሩ በሚልከው ቅጽ ላይ ፍጆታው የሚሰላው እንደሚከተለው ነው። በጊዜው መጀመሪያ የነበረው መጠን ከተረከበው መጠን ጋር ይደመራል፤ ከዚያም በብልሽትና በዝውውር ምክንያት የተስተካከለው መጠንና በመጨረሻ የቀረው መጠን ይቀነሳል። የተገኘው ውጤት የ2 ወር ፍጆታ ነው። ከፍተኛው ወሰን የ4 ወር ስለሆነ ፍጆታው በ2 ይባዛል፤ ከዚህም ላይ በእጅ ያለው ሲቀነስ የሚታዘዘው መጠን ይገኛል።

ቀመሩ አራቱን የሒሳብ ስሌቶች ከሚያውቅ ሰው የበለጠ ዕውቀት አይጠይቅም፤ ጥንካሬውም በዚህ ላይ ነው። ድካሙ ደግሞ «ፍጆታ» የሚለውን ቃል «ፍላጎት» በሚለው ቃል መተካቱ ነው። መድኃኒቱ ሳይቋረጥ በኖረበት ጊዜ ሁለቱ ይቀራረባሉ። መድኃኒቱ ባለቀበት ጊዜ ግን ይለያያሉ፤ ምክንያቱም መርፌ አጥታ የተመለሰችው እናት በየትኛውም የቅጹ ዓምድ ውስጥ አትቆጠርም።

ባዶ መደርደሪያ የሚደብቀው ቁጥር

ነገሩን በምሳሌ ብንመለከተው ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። ቁጥሮቹ ለማስረጃ ያህል የታሰቡ እንጂ ከአንድ የተወሰነ ተቋም የተወሰዱ አይደሉም። በቀራንዮ አካባቢ ያለ አንድ ጤና ጣቢያ በሁለት ወሩ መጀመሪያ 150 መርፌ ነበረው እንበል። 300 ተረከበ፤ 10 በብልሽት ተወገደ፤ በመጨረሻ የቀረው 0 ነው። ስለዚህ ፍጆታው 440 ይሆናል። በቀመሩ መሠረት ከፍተኛው ወሰን 880 ነው፤ የሚታዘዘውም 880 ይሆናል። ቅጹ በትክክል ተሞልቷል፤ በሒሳቡም ላይ ስሕተት የለም።

አሁን ቢን ካርዱን እንመልከት። መርፌው ያለቀው በ40ኛው ቀን ሲሆን የቀሩት 20 ቀናት ያለ መርፌ ያለፉ ናቸው። 440ው መርፌ የተሰጠው በ60 ቀን ሳይሆን በ40 ቀን ነው፤ ማለትም በቀን 11 ነው። ይህ ለ60 ቀን ሲሰላ እውነተኛው ፍላጎት 660፣ የ4 ወር ወሰኑም 1320 ይሆናል። የታዘዘው 880 ለ4 ወር ይበቃል ተብሎ የታሰበ ቢሆንም በእርግጥ የሚበቃው ለ80 ቀን ብቻ ነው። የ2 ወር መጠባበቂያ ተብሎ የተያዘው ወደ 20 ቀን ወርዷል።

ችግሩ በዚህ አያበቃም። በቅርንጫፍ መጋዘኑ እጥረት በመኖሩ ለጤና ጣቢያው የጠየቀው ግማሽ ብቻ፣ ማለትም 440፣ ተላከለት እንበል። ይህ በ40 ቀን ያልቃል፤ 20 ቀን እንደገና ባዶ ይሆናል፤ በሚቀጥለውም ሪፖርት ፍጆታው 440 ተብሎ ይጻፋል። በዚህ መልክ ጉድለቱ ራሱን እየደገመ ይኖራል። በበላይ ደረጃ ሆኖ ሪፖርቱን ለሚያነብ ሰው ይህ ጤና ጣቢያ የተረጋጋና ወጥ የሆነ ፍጆታ ያለው ተቋም ይመስለዋል። በእያንዳንዱ ሁለት ወር ውስጥ ግን 220 ያህል የመርፌ ቀጠሮዎች ሳይፈጸሙ ያልፋሉ። እነዚህ ተገልጋዮች በአገር አቀፍ ትንበያ ውስጥ የሉም፤ ከአምራቹ ጋር በሚደረገው የዋጋ ድርድር ውስጥም የሉም።

መድኃኒቱ ማለቁን ያረመ ስሌት ለመሥራት የሚያስፈልገው ፍጆታውን መድኃኒቱ በነበረባቸው ቀናት ማካፈልና በጠቅላላው ቀናት ማብዛት ብቻ ነው። ይሁን እንጂ ሦስት ጥንቃቄዎች ይገባሉ። አንደኛ፣ መድኃኒቱ ከግማሽ ጊዜ በላይ ጠፍቶ ከነበረ የቀሩት ጥቂት ቀናት አያስተማምኑም፤ ስለሆነም ሳይቋረጥ የነበረበትን ያለፈ ጊዜ መጠቀም ይሻላል። ሁለተኛ፣ መድኃኒቱ በተመለሰ ሰሞን ቀጠሮ ያለፋቸው ሁሉ በአንድ ጊዜ ስለሚመጡ የነዚያ ቀናት ፍጆታ ከመደበኛው ሊበልጥ ይችላል። ሦስተኛ፣ መርፌ ሲጠፋ ወደ እንክብል የዞሩ እናቶች የእንክብልን ፍጆታ ከፍ ያደርጉታል፤ ይህን እንደ አዲስ የምርጫ ለውጥ መቁጠር አይገባም።

ማረምና ማጋነን ግን የተለያዩ ናቸው። እጥረት ሲኖር «ግማሹን ስለሚልኩልኝ እጥፍ ልጠይቅ» የሚል አሠራር ይታያል። ሃው ሊና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1997 ባሳተሙት ታዋቂ ጥናት ይህን የመሰለው ባሕርይ ከአንዱ የአቅርቦት እርከን ወደ ሌላው በተሻገረ ቁጥር መዛባቱን እያጎላው እንደሚሄድ አሳይተዋል፤ ክስተቱንም በጅራፍ መስለውታል። በቡሄ ሰሞን ጅራፍ ያጮኸ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ የእጅ እንቅስቃሴ ትንሽ ሆኖ ሳለ በጫፉ ላይ የሚሰማው ጩኸት ግን ታላቅ ነው። በቀን የተደገፈ እርማት ለመጋዘኑ እውነቱን ይነግረዋል፤ ያለ ማስረጃ የተጋነነ ጥያቄ ግን የጎረቤትን ጤና ጣቢያ ድርሻ ይወስዳል።

የኮምፒውተር ድርሻና ወሰኑ

ከወረቀት ቅጽ ወደ ኮምፒውተር የተደረገው ሽግግር በአገራችን ብዙ ርቀት ሄዷል። የጤና ተቋማት ክምችታቸውን እንዲመዘግቡበት የተሠራው ሶፍትዌር ዳጉ ይባላል። የአገልግሎት መረጃ ደግሞ ዲኤችአይኤስ-2 በተባለው ሥርዓት ይተላለፋል። ዳጉ ከአፋር ሕዝብ የተወሰደ ስም ነው፤ መንገደኞች ሲገናኙ ያዩትንና የሰሙትን የሚለዋወጡበት ጥንታዊ ሥርዓት መጠሪያ ነው። በዳጉ ወሬውን የሚያቀብል ሰው ያየውን ካየው፣ የሰማውን ከሰማው ለይቶ መናገር ይጠበቅበታል። ይህ ሥነ ሥርዓት ለኮምፒውተሩም ይሠራል። ከቢን ካርድ የተወሰደ ቁጥርና በግምት የተሞላ ቁጥር በመስኮቱ ላይ አንድ ዓይነት መልክ ይኖራቸዋል፤ ልዩነታቸውን የሚያውቀው ያስገባው ሰው ብቻ ነው።

በትንበያ ዘዴዎች ላይ የተካሄዱ ምርምሮችም ይህንኑ ያጠናክራሉ። ስፓይሮስ ማክሪዳኪስ እ.ኤ.አ. በ1982 ውጤቱን ያሳተመው ውድድር ውስብስብ የትንበያ ዘዴዎች ከቀላሎቹ ሁልጊዜ የተሻለ ውጤት እንደማይሰጡ አሳየ። በ2020 በተካሄደው አምስተኛው ውድድር ግን በኮምፒውተር ትምህርት ላይ የተመሠረቱ ዘዴዎች አሸነፉ። የዚህ ውድድር መረጃ ከ10 ትላልቅ መደብሮች በየዕለቱ በማሽን የተመዘገበ የሽያጭ መረጃ እንደነበር መዘንጋት የለበትም። በ2020 የኮት ዲቯርን የጤና ተቋማት መረጃ መነሻ ያደረገና የወሊድ መከላከያ ፍጆታን ለመተንበይ ያለመ ዓለም አቀፍ ውድድርም ተካሂዶ ነበር። ማሽን የሚማረው ከተሰጠው መረጃ ነው። መርፌ ባለቀበት ወር የተመዘገበውን ዝቅተኛ ቁጥር ምክንያቱ ሳይገለጽለት ከተማረ፣ በሚቀጥለው ዓመት ያንኑ ዝቅተኛ ቁጥር በትልቅ እርግጠኝነት ይተነብያል።

የፖሊሲው ቀመርም ቢሆን ከምርመራ ነጻ አይደለም። በዛምቢያ የተካሄደ የመስክ ሙከራን መረጃ መሠረት አድርጎ እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት፣ ያለፈን አማካይ ፍጆታ ብቻ ተከትሎ የሚያዝ ሥርዓት ፍላጎቱ ከወቅት ወቅት በሚለዋወጥበትና ዝናብ መንገድ በሚዘጋበት ጊዜ ለመድኃኒት ማለቅ እንደሚዳርግ አሳይቷል። በክረምት መንገድ የሚቆረጥባቸው ብዙ ወረዳዎች ላሉን ለእኛ ይህ ትምህርት ቅርብ ነው።

ቀራንዮን ለየት የሚያደርጋት

በከተማ ውስጥ የመንገድ መቆረጥ ሥጋት እንደ ገጠሩ አይደለም፤ የከተማ ሥጋት የሕዝብ መንቀሳቀስ ነው። ኮልፌ ቀራንዮ እ.ኤ.አ. በ2007 በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ ከ400 ሺህ በላይ ነዋሪ የነበረው ክፍለ ከተማ ነው። ከዚያ ወዲህ ግን አገር አቀፍ ቆጠራ ሳይካሄድ ቀርቷል። በእነዚህ ዓመታት ውስጥ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ተሠርተዋል፤ በዓለም ባንክ፣ በቤተልና በአየር ጤና አካባቢዎች ቤቶች በርክተዋል፤ ከጅማ መንገድ በኩል ሥራ ፍለጋ የሚመጡ ወጣቶችም ይገባሉ። በመሆኑም የሕዝብን ቁጥር መነሻ አድርጎ የሚሠራ ትንበያ በእንዲህ ዓይነቱ አካባቢ ከእውነታው ሊርቅ ይችላል።

ከዚህም በላይ የከተማ ተገልጋይ አንድ ጤና ጣቢያ መርፌ ካጣ ወደ ጎረቤት ወረዳ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ግል ፋርማሲ ልትሄድ ትችላለች። ይህ ለእርሷ መልካም ቢሆንም በመረጃው ላይ ሁለት ስሕተት ያስከትላል፦ የአንዱ ጤና ጣቢያ ፍላጎት ከእውነቱ ያነሰ፣ የሌላው ደግሞ የበዛ ይመስላል። መክፈል የማትችለዋ የቤት ሠራተኛና የቀን ሠራተኛ ግን ወደ የትም ሳትሄድ ትቀራለች። ስለሆነም በአንድ ክፍለ ከተማ የሚገኙ ጤና ጣቢያዎች ሪፖርታቸውን ጎን ለጎን አድርገው ቢመለከቱት፣ የተትረፈረፈውን ካነሰው ጋር ለመለዋወጥም ሆነ የተገልጋዮችን እንቅስቃሴ ለመረዳት ይጠቅማቸዋል።

መድኃኒቱ ባለቀ ጊዜ ለተገልጋይዋ ምን ይደረግ?

ስሌቱ እስኪታረም ድረስ በፊታችን ያለችውን ተገልጋይ መርዳት ግዴታችን ነው። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ እንደሚያስረዳው የዲኤምፒኤ መርፌ ቀጠሮው ካለፈ በኋላ እስከ 4 ሳምንት ድረስ ተጨማሪ መከላከያ ሳያስፈልግ ሊሰጥ ይችላል። ይህን የምታውቅ ባለሙያ መርፌ ባለቀበት ቀን የመጣችን ተገልጋይ «ሌላ ጊዜ ይምጡ» ብላ በደፈናው አታሰናብትም፤ መርፌው ሊወሰድ የሚችልበትን የመጨረሻ ቀን አስልታ በካርዷ ላይ ትጽፍላታለች፤ መርፌው በቅርብ የሚገኝበትን ተቋም ታመለክታታለች፤ ለጥንቃቄም ኮንዶም ወይም እንክብል ትሰጣታለች። ተገልጋይዋ ሌላ ዘዴ ከመረጠች በዚያው ቀን ልትጀምር ትችላለች። ይሁን እንጂ መርፌ በመጥፋቱ ብቻ በክንድ የሚቀበረውን እንድትወስድ መገፋት የለባትም፤ ባዶ መደርደሪያ የተገልጋይን ምርጫ ሊተካ አይገባውም።

ከባለሙያው የሚጠበቁ ተግባራት

ከላይ የተዘረዘሩትን መሠረት በማድረግ በጤና ጣቢያ ደረጃ ያለ ተጨማሪ በጀት ሊፈጸሙ የሚችሉት የሚከተሉት ናቸው።

1. መድኃኒቱ ያለቀበትንና የተመለሰበትን ቀን በቢን ካርድ ላይ በዕለቱ መመዝገብ፤

2. ሪፖርቱ ሲሞላ መድኃኒቱ የጠፋባቸውን ቀናት ቆጥሮ የታረመውን ፍጆታ ከነምክንያቱ በማስታወሻ መግለጽ፤

3. በቤተሰብ ዕቅድ ክፍሉ መዝገብ ላይ የተሰጡትን መርፌዎች ቁጥር ከፋርማሲ ክፍሉ ወጪ ጋር በየወሩ ማመሳከር፤ ልዩነት ከተገኘም ምክንያቱን መፈለግ፤

4. የሚፈልጉትን ዘዴ አጥተው የተመለሱትን ተገልጋዮች በቀላል ምልክት መቁጠር፤

5. ለጎረቤት ተቋም በውሰት የተሰጠን መድኃኒት እንደ ፍጆታ ሳይሆን እንደ ዝውውር መመዝገብ፤

6. ክምችቱ ወደ 2 ሳምንት ሲወርድ መደበኛውን የሪፖርት ጊዜ ሳይጠብቁ አስቸኳይ ጥያቄ ማቅረብ።

ከእነዚህ መካከል አራተኛው ልዩ ትኩረት ይሻል። በመርፌ ክፍሉ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ አንድ ወረቀትና አንድ እስክሪብቶ፣ የትኛውም ሶፍትዌር ሊያገኘው የማይችለውን ቁጥር ያስገኛሉ።

ማጠቃለያ

የውጭ ዕርዳታ በቀነሰበትና እያንዳንዱ ዶላር በጥንቃቄ በሚመደብበት በዚህ ወቅት አገራችን የምትገዛውን የወሊድ መከላከያ መጠን የሚወስኑት ከጤና ጣቢያዎች የሚሰበሰቡት ቁጥሮች ናቸው። ቀደም ሲል ጉድለት ሲታይ በለጋሾች አስቸኳይ አቅርቦት ይሸፈን ነበር፤ ከእንግዲህ ግን በትንበያ ውስጥ ያልተካተተ ፍላጎት በጀት ውስጥም የመካተቱ ዕድል ጠባብ ነው። መሐንዲሱ ቀመሩን፣ የኮምፒውተር ባለሙያው ሶፍትዌሩን፣ ነጋዴው ውሉን ሊያሻሽሉ ይችላሉ። መድኃኒት አጥታ የተመለሰችውን እናት ያየ ግን የጤና ባለሙያው ብቻ ነው። ስለዚህ እርሷን በቁጥር ውስጥ የማስገባቱ ኃላፊነት በማንም ሊተካ የማይችል የሙያ ግዴታው ነው።